ለእናትየው የተቀዳ ሻይ

ይህን ታሪክ ከማንም አልሰማሁትም። በእኔው በራሴ ላይ የደረሰ ነው። አላምንም የሚል ካለ አልፈርድበትም... በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ብሰማው ኖሮ እኔም አላምንም ነበር።

አስፈሪ ነገር የሚመጣው ሲጨልም ብቻ ለሚመስላችሁ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ውጭ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ቦታው ማካው።

ማካውን ድሮም አልወዳትም። እኔ ለትዳር ሆንግ ኮንግ መጥቼ እዚያው ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ጎረቤቶቼ ቅዳሜ ሳቅ በሳቅ ሆነው ወደ ማካው ቁማር ቤቶች ሲሄዱ፣ እሑድ አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ አይቻለሁ። ባሕር አጠገቧ እያለ ሕንፃ ውስጥ ገንዳ ቆፍራ ጀልባ የምታስነዳ ከተማ ናት። ሰማይ እያላት ጣሪያ ላይ ሰማይ ትቀባለች። ከሩቅ ሲያዩት ሁሉ ነገሯ ወርቅ ነው፤ ሲነኩት ፕላስቲክ።

እዚያች ከተማ እግሬን ያስገባኝ ታናሽ ወንድሜ ካይሆንግ ነው።

እና... የእናታችን አመድ።

እናታችን ዩክላን ያረፈችው ማሌዥያ፣ ኢፖ ከተማ፣ በካይሆንግ ቤት ነው። ስትሞት አንድ ነገር ብቻ ለመነች። «ከእናቴ ጎን አስተኙኝ» አለች። የተወለደችበት መንደር ከማካው ድንበር ማዶ፣ ቻይና ውስጥ ነው። ቀን የሚያወጣው ሰውዬ የመቀበሪያውን ቀን መርጦ ሰጠን። ያ ጠዋት ካመለጣችሁ እስከሚመጣው ዓመት ሌላ ጥሩ ቀን የለም አለን።

በእኛ በቻይናውያን ዘንድ የሞተ ሰው መንገድ አያውቅም። አመዱን ብትሸከሙት እንኳ ነፍሱን እየጠራችሁ መውሰድ አለባችሁ። በር ሲኖር፣ ደረጃ ሲኖር፣ ድልድይ ሲኖር ወንድ ልጅየው ይነግራታል። «እማ፣ በር ነው። እማ፣ ደረጃ ነው፣ ቀስ በይ።»

ካልጠሯት እዚያው ትቀራለች።

ካይሆንግ በዚህ አልሰነፈም፣ እውነቱን ልናገር። ከሆንግ ኮንግ ወደ ማካው በሚወስደው ረጅም ድልድይ ላይ፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ «እማ፣ ድልድዩ ላይ ነን። እማ፣ አሁን ከባሕሩ ሥር ወዳለው ዋሻ ልንገባ ነው፣ አትፍሪ» ይላት ነበር። ከፊታችን የተቀመጠችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችን። ወዲያው ልጇን ወደ መስኮቱ አስጠጋቻት። ገብቷታል።

ስለ እናቴ ሁለት ነገር ማወቅ አለባችሁ።

አንደኛው፣ ጠርተው ካላስነሷት ከተቀመጠችበት የማትነሳ ሴት ነበረች። ሰርግ ቤት ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ ወንበር እየተሰበሰበ፣ አንዷ ጓደኛዋ «ዩክላን፣ ተነሺ እንጂ፣ እንሂድ!» እስክትላት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ይሉኝታ ነው። እንዲህ ያለ ይሉኝታ ዛሬ የለም።

ሁለተኛው ጣቷ ነው። እኛ ሻይ ሲቀዳልን በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ እናደርጋለን፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። እናቴ ግን በወጣትነቷ የጎማ ዛፍ ስትበጣ ቢላው የአንዱን ጣቷን ጫፍ ወስዶታል። ስለዚህ የእሷ ምት ከማንም ጋር አይመሳሰልም። አንደኛው ጠንካራ፣ ሁለተኛው ደካማ።

ቋ... ቅ።

ከሌላ ክፍል ሆኜ እንኳ እናቴ መሆኗን አውቅ ነበር።

ማካው እንደደረስን ካይሆንግን «ዛሬውኑ ድንበሩን እንሻገርና መንደሩ አጠገብ እንደር» አልኩት።

«እትዬ ደግሞ! አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው እንደር። የማውቀው ሰው በነፃ አልጋ ይዞልኛል።»

«ቁማር ቤት በነፃ የሚያሳድረው በግ ነው። ሊያርደው።»

«አንቺን ግን ምን ደስ ይልሽ ይሆን?»

«እማን ይዘህ ነው እዚያ የምትገባው?»

«እማ ምን ትላለች? እሷ እንደሁ ያስቀመጧት ቦታ ትቀመጣለች።»

ይህን ያለው እየሳቀ ነው።

ሆቴሉን ስሙን አልጠራላችሁም። ከታች እስከ ላይ ያብረቀርቃል። የአንዲት የአውሮፓ ከተማን መንገድ ከነድልድዩ ገልብጠው አዳራሽ ውስጥ አስገብተውታል። ባለ ባርኔጣ ጀልባ ቀዛፊ በማያውቀው ቋንቋ ይዘፍናል፣ ሰው ደግሞ ተሰልፎ ከእሱ ጋር ፎቶ ይነሳል። ጣሪያው ላይ የተቀባው ሰማይ ሁልጊዜ አመሻሽ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ትልና አትጠልቅም። ለማንም «መሽቷል፣ ወደ ቤትህ ሂድ» የማይል ሰማይ ነው።

ዕቃችንን ክፍላችን አስገብተን እኔ ወጣሁ። ለመቃብሩ የሚቃጠል ወረቀትና ብርቱካን መግዛት ነበረብኝ። ካይሆንግን «ከእማ አጠገብ ንቅንቅ እንዳትል» ብዬው ነበር።

ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነው።

ሻንጣዎቹ አሉ። ካይሆንግ የለም።

ቦርሳውም የለም።

የት እንደሄደ ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገኝም። ብርቱካኑን እንደያዝኩ ወደ ቁማር አዳራሹ ወረድኩ።

አዳራሹ መስኮት የለውም። ሰዓት የለውም። አዋቂ ሰው፣ የልጆች አባት፣ የካርታውን ጠርዝ በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ገልጦ «እፍ! እፍ!» ሲልበት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቁጥሩ እንዲለወጥለት ነው! «ላም አለኝ በሰማይ» ይባላል... እነዚህ ግን ሰማዩንም ራሳቸው የቀቡት ናቸው።

አንድ ሌላ ነገርም አየሁና ሳቅኩ። በየጠረጴዛው ወንበር ባዶ ሆኖ ሰዎቹ ቆመው ይጫወታሉ። ትከሻ ለትከሻ ተጣበው፣ እግራቸውን እያፈራረቁ። መቀመጥ የተሳነው ጅል አለ ለካ አልኩ በልቤ።

ያኔ የሳቅኩበትን ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ካይሆንግን በላቡ ለየሁት። ፊቱ ያበራል። ፊት ለፊቱ የፕላስቲክ ገንዘባቸው ተከምሯል። ቦርሳው ጭኑ ላይ ነው። ከጎኑ ያለው ወንበር ወደ ኋላ ተስቧል፣ ግን ማንም አልተቀመጠበትም።

«ካይሆንግ።»

«እሽሽ...»

«ቦርሳውን ስጠኝ።»

«ትከሻዬን አትንኪ! ዕድሌን ታራግፊብኛለሽ!»

«እማን እዚህ... እዚህ ቦታ አመጣሃት?»

ዞር አለ። ዓይኑ ቀልቷል። በሹክሹክታ፣ ግን በኩራት ነገረኝ።

«እሷው ናት የምታበላኝ፣ እትዬ! ወንበር ሳብኩላት። ‹እማ፣ እዚህ ተቀመጪ፣ ልጅሽን እርጂው› አልኳት። ከዚያ ወዲህ አልተሸነፍኩም። አንድም ጊዜ!»

ሰው እናቱን ቀብሮ ያለቅሳል። የእኔ ወንድም እናቱን ሳይቀብር ሥራ አስገባት።

እጄ ለጥፊ ሊነሳ ሲል ከኋላዬ የጋሪ ድምፅ ሰማሁ። ሻይ የምታድል፣ ሽበቷን ወደ ኋላ የጠቀለለች ሴትዮ ናት። ለካይሆንግ አንድ ስኒ አስቀመጠችና ቀዳች።

ከዚያ ሌላ ስኒ አወጣች።

ባዶው ወንበር ፊት ለፊት አስቀመጠችው።

«እዚህ ማንም የለም እኮ» አልኳት።

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ለእናትየው ነው።»

ማን ነገራት? ካይሆንግ ዓይኑን ከካርታው አልነቀለም። ሴትዮዋ ሻዩን ቀድታ ጋሪዋን እየገፋች አለፈች። እንፋሎቱ ከስኒው ይወጣል...

ቋ... ቅ።

ብርቱካኑ ከእጄ ወደቀ።

የካይሆንግ ሁለቱም እጆች ካርታው ላይ ናቸው። በጠረጴዛው በዚያ በኩል የማንም እጅ የለም።

ቀልቤ ተገፈፈ። በዚህ መሀል አንድ ጥቁር ልብስ የለበሰ ጠባቂ መጥቶ ከካይሆንግ ጎን ቆመ።

«ጌታው፣ ቦርሳው ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

የሰው አመድ መሆኑ ቢታወቅ ቁማርተኞቹ እዚያው ይቀጠቅጡን ነበር። ለእነሱ ከዚህ የባሰ ገፊ የለም። የካይሆንግን እጅጌ ይዤ ጎተትኩት። ፕላስቲኩን በኪሱ እያጨቀ፣ የተቀመጠበትን ወንበር ገፍትሮ ተነሳ። በጎን በር ወጣን።

«እማ፣ በር ነው» ይላል እያለከለከ። «እማ፣ ደረጃ ነው... እማ፣ መኪና ልንገባ ነው...»

ሻንጣችንን አንስተን በቀጥታ ወደ ድንበሩ።

ድንበሩ ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ነጋዴ፣ ተማሪ፣ አሮጊት ሁሉ ተደርድሯል። እውነተኛ ፀሐይ ሳይ ነፍሴ መለስ አለች። ወንድሜን የምሰድብበትን ቃል እየመረጥኩ ነበር።

«እትዬ...»

«አፍህን ዝጋ።»

«እትዬ፣ ቀለለኝ።»

«ምኑ?»

«ቦርሳው።»

ተቀበልኩት። የአመዱ ማሰሮ ውስጥ አለ። ክዳኑ እንደታሸገ፣ በቀይ ጨርቅ እንደታሰረ ነው። ከድንጋይ የተሠራ ማሰሮ ነው፣ ስንነሳ ትከሻዬን አጉብጦኝ ነበር።

አሁን ባዶ ቅርጫት ነው የሚመስለው።

«ከጠረጴዛው ስትነሳ ምን አልካት?»

«በሩ ላይ ጠርቻታለሁ! ሰምተሽኛል! ደረጃውም ላይ...»

«በሩን አላልኩህም። ወንበሩ ላይ። ‹ተነሺ› ብለሃታል?»

እጄ ላይ ያለውን ቦርሳ አየ።

ፊቱ አመድ መሰለ።

ማስረዳት አላስፈለገም። ሁለታችንም እናታችንን እናውቃታለን። ጠርተው ካላስነሷት...

ከሰልፉ ወጥተን ተመለስን።

በመንገድ ላይ እኔ የማስበው ስለ ነገው ጠዋት ብቻ ነበር። መቃብሩ ተቆፍሯል። እናቷ እየጠበቀቻት ነው። እኛ ደግሞ ባዶ ማሰሮ ይዘን...

አዳራሹ እንደነበረ ነው። ያ ውሸታም ሰማይ አሁንም አመሻሽ ነው። ጠረጴዛችን ጋ ሰው ከበፊቱ በርክቷል፣ እላይ በላይ ቆመዋል።

የእናቴ ወንበር ባዶ ነው።

ስኒው እዚያው ነው። ሻዩ አሁንም ይጨሳል።

ቀና ብዬ አዳራሹን አየሁት። ያኔ ነው ያየሁት... የሳቅኩበትን ነገር።

ባዶ ወንበር ሁሉ ፊት ለፊቱ ስኒ አለ።

እዚህ አንድ። እዚያ ሁለት። ከምሰሶው ሥር አንድ። እስከ አዳራሹ ጥግ ድረስ፣ ከየስኒው ቀጭን እንፋሎት ይወጣል። ሰዎቹም ቆመው ይጫወታሉ። እነዚያ ወንበሮች ላይ ማንም አይቀመጥም።

ወንድሜ እናትን ለዕድል ማምጣት እሱ ብቻ የፈጠረው ብልጠት መስሎት ነበር።

ጋሪ አጠገቤ ቆመ። ሴትዮዋ ስኒ የምታስተካክል መስላ ጎንበስ አለች።

«ረስታችኋት ሄዳችሁ፣ አይደል?»

«አዎ...»

«ሁሉም ይረሳል። ስሚኝ። በስሟ ጥሯት። ‹እማ› እንዳትሉ።»

«ለምን?»

«እዚህ ያለችው እማ አንድ አይደለችም።»

ጋሪዋን ገፍታ ሄደች። የካይሆንግን ክንድ ጨበጥኩ።

«ወንበሩን ይዘህ በስሟ ጥራት። ዩክላን በል።»

«የእማን ስም? በአፌ?»

በእኛ ዘንድ ልጅ የወላጁን ስም አይጠራም። በሕይወት ሳሉም፣ ከሞቱ በኋላም። ነውር ነው። ይህን አውቃለሁ፤ እኔም በዕድሜዬ ሙሉ ጠርቻት አላውቅም። ግን አስቡት! እናቱን ቁማር ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ ያላፈረ ሰው ስሟን ለመጥራት አፈረ።

«ጥራ አልኩህ!»

«እትዬ፣ አልችልም...»

«እንግዲያው እኔ...»

አፌን ከፈትኩ። ያ ጠባቂ ሌላ ሰው አስከትሎ ወደ እኛ ሲመጣ አየሁ። ካይሆንግም አያቸው። ደነገጠ። ቦርሳውን አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጮኸ።

«እማ! ተነሺ! እንሂድ!»

ካርታ የሚገልጡት እጆች ሁሉ ቆሙ።

ሲ...ር።

ወንበር ሲሳብ የሚሰማው ድምፅ ነው።

ከፊቴ አልነበረም። ከኋላዬ ነው።

ዞርኩ። ከእኛ ኋላ ባለው ጠረጴዛ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ የነበረ አንድ ወንበር ወደ ኋላ ወጥቷል። ሰው ሲነሳ እንደሚያደርገው፣ ትንሽ ጠመም ብሎ።

የእናቴን ወንበር አየሁት። አልተነቃነቀም።

«ከበደኝ!» አለ ካይሆንግ። እንባው ይወርዳል። «እትዬ፣ ከበደኝ! መጣች!»

«ቆይ... ካይሆንግ፣ ቆይ...»

ጠባቂዎቹ ክንዴን ያዙኝ። «ዩክላን» ልል ነበር። እምላለሁ፣ ልል ነበር... ዕድሜ ልክ የተከለከለ ቃል ለካ በአንድ ጊዜ አይወጣም። እየገፉ አስወጡን። ሁለተኛ ብትመጡ ፖሊስ እንጠራለን አሉን።

በሩ ከመዘጋቱ በፊት ከጫጫታው መሀል ሰማሁት።

ቋ... ቅ።

ወይም የሰማሁ መሰለኝ። መንገዱን ሙሉ ለራሴ የነገርኩት ይህንኑ ነው። ቦርሳውን ስቀበለው ከባድ ነበር። ስንነሳ ከነበረውም ይከብዳል። ካይሆንግ በየበሩ «እማ፣ ቀስ በይ» ይላል። ከኋላችን ስለተነሳው ወንበር አልነገርኩትም።

በማግስቱ ጠዋት መንደሩ ደረስን። በተመረጠው ሰዓት ከአያታችን ጎን ቀበርናት። ወረቀቱን አቃጠልን። ሁሉም በሥርዓቱ ሆነ።

ከዚያ በአክስታችን ግቢ፣ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን። የእናቴ ታናሽ እህት ናት። በልጅነታቸው ማሌዥያ ሄደው አብረው የጎማ ዛፍ በጥተዋል፤ እሷ ኋላ ወደ መንደሩ ተመለሰች። ያን ቀን ቢላው የእናቴን ጣት ሲቆርጥ በጨርቅ ያሰረችላት እሷ ናት።

ለእናታችን አንድ የቀርከሃ ወንበርና አንድ ስኒ ተዘጋጅቶላት ነበር። አክስታችን ሻዩን ቀዳች።

«እህቴ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ።»

ጆሯችንን ጣልን። ዶሮዎቹ እንኳ ዝም ያሉ መሰለኝ።

ቋ፣ ቋ።

«ሰማሽ?» ካይሆንግ ከመቀመጫው ዘለለ። «እትዬ፣ ሰማሽ? አመሰገነችን! ደርሳለች!»

ያን ያህል ዓመት ከእሷ ጋር በአንድ ጠረጴዛ በልቶ የእናቱን ጣት አያውቅም።

ሁለቱም ምቶች እኩል ነበሩ። ጣቶቹ ሙሉ ናቸው።

አክስታችንን አየኋት። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። እኔን አየችኝ። ስኒውን አነሳች፣ ሻዩን መሬት ላይ ደፋችው፣ ስኒውን ገልብጣ አስቀመጠችው።

«ይህ የእህቴ ስኒ ነው» አለች። «እህቴ እስክትመጣ ማንም አይጠጣበትም።»

ተነስታ ወደ ቤት ገባች። ካይሆንግ «ምን ሆነች? ምን አደረግን?» እያለ ተከተላት።

እኔ ብቻዬን ቀረሁ።

ቋ፣ ቋ።

አሁን ቀስ ብሎ ነው። በሰው ቤት ያፈረች እንግዳ ይመስላል።

ማን እንደሆነች አላውቅም። ማን እዚያ እንዳስቀመጣት፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ የሚያስነሳት ሰው እንደጠበቀች አላውቅም። እኔ ያሰብኩት ያንን የማይመሽ ሰማይ ነው። እናቴ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ከሥሩ ተቀምጣለች። መምሸቱን እንኳ አታውቅም። «ዩክላን፣ ተነሺ» የሚላት የለም።

ሻይ የሚቀዳላት እንግዳ ሰው ብቻ ነው።

ሌላ ስኒ አነሳሁ። እዚያ ማዶ ለእናቴ የሚቀዳላት ሰው አይጥፋ ብዬ... ለእንግዳዋ ቀዳሁላት።

ሲ...ር።

የቀርከሃው ወንበር ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ።